በእንጨት ቦዬ ውስጥ ያለው መርዝ

በሥራ ተዛውረህ ወይም ለትምህርት መጥተህ ወላይታ ሶዶ የከረምህ እንደ ሆነ፥ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በሚቆመው ገበያ እንደ ኖራ የነጣ ዱቄትና እንደ ፍልጥ የደረቀ የሥር ቁራጭ በጆንያ ተሞልቶ ሳታይ አልቀረህም። ሻጩ ካሳቫ ይልሃል፤ ሽማግሌዎቹ ሚታ ቦዬ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የእንጨት ቦዬ ማለት ነው። ዋጋው ከጤፍ የረከሰ ስለ ሆነ፥ ደመወዙ ወር የማያደርስለት ጸሐፊና በኪራይ ቤት የሚኖር ተማሪ ከጤፍ ጋር እያስደባለቀ እንጀራውን ይበላል። እኔም የምበላው ይኸንኑ ነው።

ስለዚህ ተክል ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፥ በኢንዱስትሪ ዓለም ከሚታወቁት መርዞች እጅግ ፈጣን ከሆኑት አንዱ፥ ሃይድሮጅን ሳይናይድ የተባለው ከዚሁ ሥር የሚወጣ መሆኑ ነው።

ይህን መርዝ መጀመሪያ ያገኘው ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ የስዊድን የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፥ ጊዜውም በአውሮፓ አቈጣጠር 1782 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1887፥ በግላስጎው ከተማ ወርቅን በሳይናይድ አሟሙቶ ከድንጋይ የማውጣት ዘዴ ተፈለሰፈ። የናይሎንና የፕላስቲክ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። በአገራችን በጉጂ ምድር በለገደምቢ ወርቅ ሲወጣ የቆየው በዚሁ ቅመም ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ በጤናችን ላይ ጉዳት ደረሰብን ብሎ በመቃወሙ መንግሥት በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. የማዕድኑን ፈቃድ አግዶ እንደ ነበር ይታወሳል። በደንብ በሚመራ ፋብሪካ ውስጥ ሳይናይድ የሚነካ ሠራተኛ የፊት ጭንብል አለው፥ ጓንት አለው፥ አየሩን የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ቅመሙም ከአሲድ እንዳይገናኝ በተለየ መጋዘን ይቀመጣል። በኦፋ ወይም በሁምቦ ሙቀጫዋን ይዛ የምትቀመጥ እናት ግን ያላት ሁለት እጅዋና ከጎረቤት የተማረችው ልማድ ብቻ ነው።

መርዙ የሚገድለው አየር እያለ በማፈን ነው። ሳንባ አየሩን ይስባል፥ ደምም ኦክሲጅኑን ተሸክሞ ያደርሳል፤ ነገር ግን የሰውነት ሕዋሶች የመጣላቸውን ለመጠቀም ይሳናቸዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ራስ ማዞር፥ ማስታወክ፥ የሆድ ቁርጠት፥ የጉልበት መክዳትና የትንፋሽ መፍጠን ነው፤ ሲብስ ራስን ያስታል። ካሳቫ ከተበላ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር የታየ እንደ ሆነ፥ ወተት አምጡ ፌጦ አምጡ እየተባለ ጊዜ ማለፍ የለበትም፤ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ማሮጥና ምን እንደ በላ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ማርከሻው የታወቀ ነው፤ አንደኛው ሃይድሮክሶኮባላሚን የሚባለው የቪታሚን ቢ12 ዘመድ ሲሆን፥ ሳይናይዱን አስሮ በሽንት ያስወጣዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ካሳቫ መርዙን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አድርጎ አይዝም። ሊናማሪን የሚባል ነገር በሕዋሱ አንድ ክፍል ያኖራል፤ ሊናማሪንን የሚሰባብረውን ኤንዛይም ደግሞ በሌላ ክፍል ያኖራል። ክብሪትና ጭድ በአንድ ጣሪያ ሥር፥ ነገር ግን በተለያየ ክፍል እንደ ማስቀመጥ ነው። እንስሳ ሲያኝከው ወይም ሰው ሲወቅጠው ግድግዳው ይፈርሳል፥ ሁለቱም ይገናኛሉ፥ ሳይናይድም ይወለዳል። ነገር ግን ሃይድሮጅን ሳይናይድ በ26 ዲግሪ ሙቀት የሚፈላ ስለ ሆነ፥ ከተወለደ በኋላ በነፋስና በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል። እንግዲህ ሥሩን መስበር መርዙን መውለድም ማባረርም ነው። አደጋው ያለው ሳይሰበር በቀረው ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ የማውቅ ሰው፥ ከዚህ እንደ ደረስሁ በመጀመሪያው ዓመት ከመንገድ ዳር ሁለት ወፍራም ሥር ገዝቼ፥ ልጬ፥ ሳልቆራርጥ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሬ ከደንሁት። እሳት ሁሉን ያጠራል ብዬ ነው። በባዶ ሆዴ ጠግቤ በላሁ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ራሴ ዞረ፥ የበላሁትንም በሙሉ አስመለስሁት፤ እስከ ማታም ግድግዳ ተደግፌ እንጂ መቆም አልቻልሁም። ያከራዩኝ ሴት መጥተው ድስቱን ከፍተው አዩና፥ «ልጄ፥ ይህን ማን ሰጠህ? እንደ ድንች ነው እንዴ የቀቀልኸው?» አሉኝ። ደግነቱ ቀለል ብሎልኝ አደረ፤ ሐኪም ቤት ሳልሄድ ማደሬ ግን ሁለተኛው ስሕተቴ ነበር።

ስሕተቴን የተረዳሁት ኋላ ነው። የሚፈላው ውሃ የገደለው ሊናማሪንን ሳይሆን ኤንዛይሙን ነበር። ሊናማሪን መፍላትን ይችላል፤ ሳይፈርስ ሆዴ ገባ፥ በዚያም የአንጀት ባክቴሪያዎች ሰባበሩት። ሥሩን አድቅቄ ቆራርጬ፥ ከብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ጥጄ፥ ክዳኑን ከፍቼ፥ ውሃውንም ደፍቼ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በቀነሰ። እንዲህም ሆኖ ተቀቅሎ ለመበላት የሚሆነው ጣፋጩ ዓይነት ብቻ ነው። መራራው በማናቸውም አቀቃቀል አይታመንም፤ ጣፋጭ የተባለውም ድርቅ ሲመታው መርዙ ይጨምራል። ሁለቱን በዓይን ለመለየት ደግሞ ያስቸግራል።

አከራዬ የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ሥሩ በተነቀለ በማግሥቱ ይላጣል፤ ልጣጩ ከሥጋው ይልቅ መርዝ የሚበዛበት ስለ ሆነ ለፍየል አይጣልም። ከዚያ በውሃ ተዘፍዝፎ ሦስት ቀን ያኽል ይቆያል፤ እስኪልም፥ በጣት ሲጫኑትም እስኪበጠስ ድረስ። የዘፈዘፉበትን ውሃ ከብት ከማይደርስበት ይደፉታል። ከዚያ ተሰባብሮ በፀሐይ ይሰጣል። ኤንዛይም የሚባለውን ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ነገር ግን ቆጮን በጉድጓድ ቀብረው በትዕግሥት ያበሰሉ እጆች ናቸውና፥ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በስሱ ቆራርጦ ቶሎ ማድረቅ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበቱ ቶሎ ሲጠፋ ኤንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይቆማል፥ ሊናማሪኑም በደረቁ ቁራጭ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ጨፍልቆ ወይም ፈግፍጎ ማስጣት ከዚህ በብዙ ይሻላል።

ይህ ተክል በደቡብ አገራችን በሰፊው የተዛመተው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ሰብል ሲደርቅ እርሱ ይቆማል። እንሰትንም አጠውልግ የሚባለው በሽታ ሲፈጀው የካሳቫ ተፈላጊነት ጨመረ። የሐዋሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም በ1990ዎቹ ማብቂያ ቁሌና ኬሎ የተባሉትን ዝርያዎች ለገበሬው አወጣ። ነገር ግን እንሰት ከአያት ቅድመ አያት ጋር የኖረ ተክል ስለ ሆነ ሙያውም አብሮት ኖሯል፤ ካሳቫ ግን በብዙ ቤት ከሙያው ቀድሞ ገባ። የረኃብ ዓመት ሰው ደግሞ ሦስት ቀን መጠበቅን አይችልም።

አለመጠበቅ የሚያስከትለውን በሌላ አገር የሆነው ያሳያል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ናምፑላ በተባለ አውራጃ ድርቅ በሆነ ጊዜ፥ ከ1,100 በላይ ሰዎች፥ ይልቁንም እናቶችና ሕፃናት፥ በድንገት እግራቸው ተሳሰረ። ይህ በሽታ ኮንዞ ይባላል፤ ቃሉ የኮንጎ ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን የታሰረ እግር ማለት ነው፤ በጽሑፍ የገለጸውም በ1938 ትሮሊ የተባለ ሐኪም ነበር። ከደምቢያና ከፎገራ የመጣህ አንባቢ፥ ጓያ የሰበረውን ሰው አይተህ እንደ ሆነ ኮንዞን አይተኸዋል ማለት ይቻላል። መርዙ የተለያየ ነው፤ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል፤ አንድ ጊዜ የታሰረ እግርም በሁለቱም አይፈታም።

ከአንድ ዱቄት ከበሉት ሁሉ አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበት ምክንያት አለ። ሰውነታችን ጥቂቱን ሳይናይድ ራሱ ያረክሰዋል፤ ለዚህም ሥራ የሚጠቀምበት ድኝ ከፕሮቲን የሚገኝ ነው፤ ማለት ከእንቍላል፥ ከወተት፥ ከሥጋ፥ በመጠኑም ከባቄላና ከአተር። ያለ ወጥ ካሳቫ ብቻ የሚበላ ድኻ መርዙንም ይበላል፥ ማርከሻውንም ያጣል። የረከሰውም ቢሆን ቲዮሳይናይት ወደሚባል ነገር ተለውጦ አዮዲን በአንገት እንዳይያዝ ስለሚከለክል፥ አዮዲን በጎደለበት አገር እንቅርትን ያባብሳል።

እኔና አንተ ከገበያ የምንገዛው ዱቄቱን ስለ ሆነ፥ በመስከረም ወር 2017፥ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ በዩጋንዳ ካሴሴ የሆነውን መስማት ይጠቅመናል። ከቀብር የተመለሱ ሰዎች በማግሥቱ በጅምላ ሐኪም ቤት ገቡ፤ በጠቅላላው 98 ሰዎች ታመው 2 ሞቱ። የበሉት ዱቄት ሲመረመር በአንድ ኪሎ በአማካይ 88 ሚሊግራም ሳይናይድ ተገኘበት፤ በዓለም አቀፍ ደንብ የተፈቀደው ግን 10 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከዓይንና ከአፍንጫ የሚሰወር ነገር ነው፤ የሳይናይድን ሽታ ጨርሶ የማይለዩ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ሻጩን፥ «ስንት ቀን ተዘፍዝፎ ነበር?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን ከማያውቅ ሻጭ እኔ አልገዛም።

ለተጠረጠረ ዱቄት ደግሞ ሃዋርድ ብራድበሪ የተባሉ የአውስትራሊያ ሊቅ ያስተማሩት ቀላል ዘዴ አለ። ዱቄቱን በሳሕን አድርገህ ከውስጥ በኩል እስከ የት እንደ ደረሰ ምልክት ታደርጋለህ። ውሃ እየጨመርህ ስታሸው መጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ ተመልሶ ከምልክቱ ሲደርስ ውሃው በቃ። ከዚያ በሰሌን ላይ ከአንድ ሳንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት ዘርግተህ በፀሐይ ለሁለት ሰዓት፥ በጥላ ለአምስት ሰዓት ትተወዋለህ። የተረፈው ኤንዛይም ተነሥቶ ሥራውን ይፈጽማል፥ ሳይናይዱም ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል። ዱቄቱ ግን በዚያው ቀን መጋገር አለበት።

ይህን ለአከራዬ በነገርኋቸው ጊዜ ሳሕኑን ተቀብለው ዙሪያውን በከሰል ጫሩበት። ወሩ ሐምሌ ነበርና ፀሐይ አልወጣም፤ ዳሞታም በጉም ተሸፍኖ ዋለ። ሰሌኑን በረንዳ ላይ ዘርግተው፥ «እንግዲህ አምስቱን ሰዓት ተቀምጠህ ዶሮውን ትጠብቃለህ» አሉኝ። በዚያን ቀን ምሳ የበላነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው።