ሦስት ገጽ ብቻ ያነበብነው መጽሐፍ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስታነሡት በራሱ ጊዜ የሚከፈት መጽሐፍ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መርሳ ላይ አጋጥሞኛል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከወልድያ የመጣ አንድ የተገነጣጠለ ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ሽፋን የለው፣ የደራሲ ስም የለው! ሦስት ገጾቹ ግን በጣት ብዛት ጠቁረዋል። ሌላው ገጽ ነጭ ነው። እኛ ወንዶቹ ማንጎ ዛፍ ሥር ተኮልኩለን እነዚያኑ ሦስት ገጾች እናነባለን፣ እንስቃለን፣ ለተረኛው እናቀብላለን።

ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው አንዲት የክፍላችን ልጅ ብቻ ነበረች። የተያዘችውም እሷ! "ባለጌ" ተባለች፤ "ወላጅ አምጪ" ተባለች። አባቷም ከዚያ ወዲያ ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር እንዳታነብ ከለከሏት። እኛ ዝም አልን። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለመሆኑ ወሲብ ያለበት ጽሑፍ ሁሉ ብልግና ነው እንዴ? በአገራችን ይህ ክርክር ሲነሣ የጋሽ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ስም አይቀርም። "ሌቱም አይነጋልኝ"ን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈረንሳይ አገር ሳለ ጻፈው። የውቤ በረሃን ሌሊት፣ የቡና ቤት ሴቶቹንና ደንበኞቻቸውን፣ የአልጋውን ነገር ሳይቀር በስሙ እየጠራ! መጽሐፉ ለረጅም ዘመን ሳይታተም ቆየ። ፈረንሳዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በቋንቋቸው አወጡት። አንዱ ወገን "ነውራችንን አደባባይ አወጣው" ሲል ሌላው "ኑሯችንን ነው የጻፈው" ይላል።

ክርክሩ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ለንደን ላይ ፔንጉዊን የተባለው አሳታሚ በዲ ኤች ሎሬንስ ልብ ወለድ የተነሣ ተከሶ ነበር። የአገሩ ሕግ መጽሐፍ በሙሉው ይመዘን እንጂ ተቆርጦ አይታይ ስለሚል ምሁራን ቀርበው መሰከሩ፤ አሳታሚውም ነጻ ወጣ። የኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ጸያፍ ጽሑፍን ይቀጣል። የጥበብና የሥነ ጽሑፍ ሥራን ግን ፍትወት ለመቀስቀስ ታስቦ እስካልተሠራ ድረስ ከዚያ አይቆጥረውም።

እንግዲህ መለያው ምንድነው? የኔ ሚዛን ቀላል ናት። እነዚያ ገጾች ቢወጡ ታሪኩ ይጎድላል? ሴቲቱስ ሐሳብና ሐዘን አላት ወይስ ገላ ብቻ ናት? ዛሬ በቴሌግራም የሚላከው አብዛኛው "ታሪክ" ሦስቱ ገጽ ብቻ ነው፤ ሌላ ገጽ የለውም። ወላጆች ቢሠጉ አልፈርድባቸውም። ግን መጽሐፉን ከመቅደዳችሁ በፊት ልጃችሁን "ምን ተረዳሽ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ባለፈው ዓመት ልጅቷን መርሳ መናኸሪያ አገኘኋት። ሕፃን አዝላለች። የዚያን መጽሐፍ ነገር አነሣንና ሳቅን።

"መጨረሻውን ታውቀዋለህ?" አለችኝ።

አላውቀውም።

"ልጅቷ እናቷን ፍለጋ አገሯ ትመለሳለች። ስትደርስ ግን እናትየው ሞታለች" ብላኝ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ቸር ይግጠመን!