አይ አር ሲን ተዋወቁት

ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ ወጣት በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦሉ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰርቨር እንዲያስተዳድር ተቀጥሮ ነበር። ሥራው ጊዜውን ሁሉ የሚወስድበት አልሆነም። ኦገስት መገባደጃ ላይ በትርፍ ሰዓቱ የጻፈው ፕሮግራም፣ ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ሆነው በርከት ብለው በአንድ ጊዜ በጽሑፍ የሚጫወቱበት ነበር። ስሙም አይ አር ሲ ተባለ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ስላክና ዲስኮርድ የመጡት ከዚህ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ዘግይተው ነው። አይ አር ሲ ግን ዛሬም አለ፤ ይሠራል፤ ሰውም ይጫወትበታል። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው።

መሠረቱ አያከራክርም። ፕሮግራሙን ትከፍታላችሁ፣ ቅጽል ስም ትመርጣላችሁ፣ በ# ምልክት የሚጀምር ቻናል ውስጥ ትገባላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ የለም። ፎቶ የለም። መልእክታችሁ መነበቡን የሚናገር ሰማያዊ ምልክትም የለም። በሌላችሁበት ሰዓት የተባለው ሁሉ ያመልጣችኋል። ከስሙ ፊት @ ያለበት ሰው ኦፕ ነው፤ ከፈለገ ያባርራችኋል።

ያንን # ምልክት ታውቁታላችሁ። ክሪስ ሜሲና በኦገስት 2007 ትዊተር ላይ ወሬን በየርዕሱ ለመሰብሰብ # እንጠቀም ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ልማዱን ያገኘው ከአይ አር ሲ ቻናሎች ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሃሽታግ እየደረደራችሁ ‹አይ አር ሲ ምንድን ነው?› ስትሉኝ ትንሽ ቅር ይለኛል።

እኔን መጀመሪያ የማረከኝ ግልጥነቱ ነው። በእናንተና በሰርቨሩ መካከል የሚመላለሰው ሰው አንብቦ የሚረዳው ተራ ጽሑፍ ነው። ‹ስሜ ይህ ነው›፣ ‹እዚህ ቻናል አስገባኝ›፣ ‹ይህን ንገርልኝ› ከማለት ብዙም አይርቅም። ምንም የቻት ፕሮግራም ሳይኖራችሁ በቴልኔት ብቻ በ6667 ቁጥር ፖርት ገብታችሁ፣ ትዕዛዙን በእጃችሁ እየጻፋችሁ ሰላም ማለት ትችላላችሁ። የሚያስቸግረው፣ ሰርቨሩ በየጥቂት ደቂቃው ‹ፒንግ› እያለ በሕይወት መኖራችሁን መጠየቁ ነው። ‹ፖንግ› ብላችሁ ካልመለሳችሁለት ያሰናብታችኋል። አንድ ከሰዓት በኋላ በእጄ ፖንግ እያልኩ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስለ ኪቦርድ ስከራከር ዋልኩ። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም፤ ስለ ኪቦርድ የሚደረግ ክርክር አሸናፊ ኖሮት አያውቅም።

የኮምፒውተር ወዳጆች ጨዋታ እንዲህ ነው። ኮድ ለመጻፍ ቪም ይሻላል ወይስ ኢማክስ? ኮድ ሲጻፍ መስመር በታብ ይግባ ወይስ በባዶ ቦታ? ስለ እነዚህ ጥያቄዎች ጎህ እስኪቀድ የተከራከሩ ሰዎች፣ በማግስቱ አንዱ የሌላውን ኮድ ሲያርምለት ታገኟቸዋላችሁ። ካሊድ ማርዳም ቤይ በ1995 ለዊንዶውስ ያወጣው ኤምአይአርሲ የተባለ የአይ አር ሲ ፕሮግራም ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አንድ መሣሪያ ጨመረ። የሰውን ስም መርጣችሁ አንዲት ቁልፍ ስትነኩ ‹እገሌ እገሌን በትልቅ ዓሣ በጥፊ አጮለው› የሚል መስመር በቻናሉ ላይ ይወጣል። ለሰነፍ ጥያቄ የሚሰጥ የተለመደ ቅጣት ነው። እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ዓሣው አያምም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ኔትስፕሊት።

አዲስ ገቢ የሚደነግጥበት ቅጽበት አለ። ቻናሉ ሞልቷል፣ ክርክሩ ግሏል፤ ድንገት ‹ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ› የሚል መስመር ማያ ገጹን ሞልቶ ይወርዳል። የቻናሉ ግማሽ ሰው በዓይን ጥቅሻ ጠፋ። አዲሱ ሰው ‹ምን ተናግሬ አስቀየምኳቸው?› ብሎ ይሸማቀቃል። ትንሽ አውቃለሁ የሚለው ደግሞ ‹ሰርቨሩ ወደቀ› ይላል። ይህን ሁለተኛውን ነው የማልታገሠው። ሰርቨሩ አልወደቀም። የወጣም ሰው የለም።

አይ አር ሲ በአንድ ማሽን ላይ የተቀመጠ አገልግሎት አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሰርቨሮች እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ኔትወርክ ይሆናሉ። እኔ አንዱን ሰርቨር ይዤ ብጽፍ፣ ጽሑፌ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር እየተቀባበሉት ሌላ አህጉር ያለው ሰው ዘንድ ይደርሳል። አያያዛቸው ግን ጥብቅ ሕግ አለው፤ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ዞሮ የሚገባ ተለዋጭ መንገድ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድ አንዱ መልእክት በሁለት በኩል ደርሶ ሁለት ጊዜ ይታይ ነበር። የዚህ ሕግ ዋጋ እንግዲህ ይህ ነው፦ መሐል ላይ ያለች አንዲት መስመር ከተበጠሰች ኔትወርኩ ለሁለት ይከፈላል፤ ኔትስፕሊት ማለት ይህ ነው። ነገሩ ክረምት ድልድዩን የወሰደበትን መንደር ይመስላል። ወንዙ ወዲህና ወዲያ የቀሩት ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ግን እዚህ ያሉት እነዚያን ውኃ በላቸው ይላሉ፣ እዚያ ያሉትም እነዚህን።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። በእኔ በኩል ‹እነሱ ወጡ› የሚል መስመር በሚደረደርበት በዚያው ቅጽበት፣ በእነሱ ማያ ገጽ ላይ እኛ እንደ ወጣን የሚናገር መስመር ይደረደራል። ሁለቱም ወገን ወሬውን ይቀጥላል። አንዱ ክርክር ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ቀልድ ሁለት መጨረሻ ኖሮት ይሄዳል። መስመሩ ሲጠገን ሰዎቹ በአንዴ ግር ብለው ይመለሳሉ፤ ያኔ ‹ምን ላይ ነበርን?› ይባላል። ልብ ብሎ ላነበበ ሰው መልሱ ከመጀመሪያው በመውጫው መስመር ላይ ተጽፎ ነበር። ሰው በራሱ ፈቃድ ሲወጣ የስንብት ቃሉ በሚጻፍበት ቦታ፣ በስፕሊት ጊዜ የሁለት ሰርቨሮች ስም ይወጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። ሳታነቡ አትደንግጡ።

ግርግር ለሌባ ይመቻል እንደሚባለው፣ ስፕሊት የራሱን ሌቦች አፈራ። በድሮው ሕግ ባዶ ቻናል ውስጥ ቀድሞ የገባ ሰው ኦፕ ይሆናል። እንግዲህ ኔትወርኩ ሲከፈል በአንድ ወገን ያለው ቻናል ባዶውን የቀረ እንደሆነ፣ ሌባው ብቻውን ይገባና @ ይቀበላል። መስመሩ ሲጠገን ከነማዕረጉ ይቀላቀላል፤ ወዲያው ነባሮቹን ኦፖች ሽሮ ቻናሉን ይወርሳል። ሌላም ነበረ። ከመስመሩ ወዲያ ያለ ጠላትህን ቅጽል ስም በዚህ በኩል ትይዛለህ። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ በአንድ ስም ሁለት ሰው ይገኛል፤ ሰርቨሩ የማን እንደሆነ መለየት ስለማይችል ሁለቱንም ያባርራል። ጥፋተኛው ለዚያ የሚሠዋ ትርፍ ግንኙነት አዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ የሚጎዳው ባለስሙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ተንኮል የሚሠሩት አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ግን ሥራቸው ያነሣው ዛሬ ትልልቅ ድርጅቶች ገንዘብ የሚያፈሱበት ጥያቄ ነው፦ ሁለት ማሽኖች ተቆራርጠው ሲገናኙና ሁለት የተለያየ ነገር ሲናገሩ፣ የማንኛው ይታመን?

ለጥያቄው ሁለት መልስ ቀረበ። አንዱ ወገን ሰርቨሮቹ ቻናሉ የተከፈተበትን ሰዓት ይያዙ፣ ሲገናኙ የቀደመው ይጽና አለ። ሌላው ወገን በስፕሊት የጠፋ ስምና ቻናል ለጊዜው ይታገድ፣ ማንም አይያዘው አለ። በዚህና በሌሎች የአስተዳደር ጉዳዮች መስማማት ቢያቅታቸው፣ በ1996 በአብዛኛው አውሮፓ ያሉት ሰርቨሮች ተገንጥለው አይአርሲኔት የሚባለውን መሠረቱ፤ አሜሪካኖቹ በነባሩ ኔትወርክ፣ በኢኤፍኔት ላይ ቀሩ። ስለ መቆራረጥ ሲከራከሩ ለዘለቄታው ተቆራረጡ። ኢኤፍኔት ራሱም ቢሆን በ1990 የተወለደው በመገንጠል ነው፤ ኤሪስ የተባለ የበርክሊ ሰርቨር ማንኛውም ሰርቨር ያለ ይለፍ ቃል እንዲገናኘው በሩን ከፍቶ በመተዉ የተቆጡት ናቸው ያቋቋሙት።

ሌላም የምወደው ነገር አለ፤ አጠር ላድርገው። በአይ አር ሲ ሕግ { የ[ ትንሹ ፊደል ነው፤ | ደግሞ የ\ ትንሹ ፊደል። ስማችሁ ውስጥ [ ካለ፣ ያንኑ ስም በ{ የጻፈ ሌላ ሰው ሊይዘው አይችልም። ይህን ጉድ በ1993 በወጣው የፕሮቶኮሉ ሰነድ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፤ አይ አር ሲ የተወለደው በስካንዲኔቪያ ስለሆነ ነው። በዚያ ዘመን የፊንላንድ ኮምፒውተሮች ለእንግሊዝኛ የተሠራው ሠንጠረዥ ውስጥ ለራሳቸው ፊደላት ቦታ ቢያጡ የቅንፎቹን ቦታ ወሰዱ። ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶችም የላቲን ፊደላትን ቦታ እየያዙ ነበር የሚሠሩት፤ ፎንቱ የሌለው ሰው ፋይሉን ሲከፍት የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ያይ ነበር።

ዩኒኮድ ግዕዝን በ1999 ካስገባ በኋላ አይ አር ሲ ላይ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የአንድ መስመር ጣሪያ 512 ባይት ነው፤ ከዚያም ላይ ሁለቱ ለመስመር መዝጊያ ይሄዳሉ። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። የላኪውና የቻናሉ ስም ባይቆጠር እንኳ ከ170 ፊደል በላይ አይገባም። ከዚያ ያለፈውን ሰርቨሩ ያለ ርኅራኄ ይቆርጠዋል፤ አንዳንዴም አንድ ፊደል መሐሉ ላይ ይቆረጥና በመስመሩ ጫፍ የጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቁር ሳጥን ይቀራል። አማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ በመሆኑ፣ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ግሡ ነው። እገሌ ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ይቀራል። አጭር ጻፉ።

‹ሞቷል› የሚሉትን በተመለከተ፦ በ2021 የሆነውን ልንገራቸው። ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ለዓመታት የሚሰበሰቡበት ፍሪኖድ የተባለ ኔትወርክ ነበር። ማን ያስተዳድረው በሚል ጠብ ተነሣና በሜይ ወር በፈቃደኝነት ያገለግሉ የነበሩት ሠራተኞች በጅምላ ለቀው ሊቤራ ቻት የሚባል አዲስ ኔትወርክ ከፈቱ። ፍሪኖድ ላይ የቀረው አስተዳደር፣ ሊቤራን የጠቀሱ በመቶ የሚቆጠሩ ቻናሎችን ነጠቀ። ይህ ያልወሰኑትን ሁሉ አስወሰናቸው። ኡቡንቱን የመሳሰሉ ታላላቅ ፕሮጀክቶች ቻናላቸውን ይዘው ሄዱ። የተጠቃሚው ድካም በፕሮግራሙ ላይ የሰርቨሩን አድራሻ መቀየር ብቻ ነበር፤ ፕሮግራሙ ያው፣ ትዕዛዙ ያው፣ ጓደኞቹ እነዚያው። አንድ ቀን የቴሌግራም ባለቤቶች ቢያስቀይሟችሁ ግሩፓችሁን እንዲህ አንሥታችሁ የትም አትሄዱም።

ለመግባት የሚፈልግ ካለ፣ ሊቤራ ቻትን በ6697 ቁጥር ፖርት ይሞክር፤ ይህኛው የተመሰጠረ ነው። ስትገቡ ግን እባካችሁ በየቴሌግራም ግሩፑ የማየውን አመል ይዛችሁ አትግቡ። ‹ሰላም፣ ፓይተን የሚችል አለ?› ብሎ ዝም ማለት ጥያቄ አይደለም። ጥያቄውን ራሱን ጻፉት፤ የሚችል ካለ ይመልሳል። በአምስት ደቂቃ መልስ አጣሁ ብላችሁ አትውጡ፤ ስማቸው ተደርድሮ የምታዩት ሰዎች ማሽናቸውን ክፍት ትተው ሥራ ላይ ወይም እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ መጥተው በዝርዝር የሚመልሱላችሁ እነሱ ናቸው። ለአንድ የሊኑክስ ጥያቄዬ ያገኘሁት ከሁሉ የተሻለ መልስ የመጣው እራቴን በልቼ ስመለስ ነው። ኮዳችሁን ደግሞ አርባ መስመር አድርጋችሁ ቻናሉ ላይ አትልጠፉ፤ ሌላ ቦታ አስቀምጡና ሊንኩን ስጡ። አለዚያ ቻናሉን የሚጠብቀው ቦት ያስወጣችኋል፤ ቦት ይሉኝታ አያውቅም።