በሦስት እጅ የተያዘ መዝገብ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የዓለም ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በሚያከማቹበት በጊትሃብ ውስጥ የኔትወርክ መሣሪያ ይቀየር ነበር። በዚሁ የጥገና ሥራ ምክንያት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘው የኔትወርክ ማዕከል በዚያው ጠረፍ ካለው ዋና የመረጃ ማዕከል ጋር የነበረው ግንኙነት ለ43 ሰከንድ ተቋረጠ። ሰላምታ ተለዋውጦ ለመለያየት እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። ሆኖም የድርጅቱ አገልግሎት ወደ ነበረበት ለመመለስ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ።

ለመሆኑ የ43 ሰከንድ መቋረጥ እንዴት የሙሉ ቀን ችግር ወለደ? ይህን ለመረዳት አንድ የመረጃ ቋት፣ ማለትም ዳታቤዝ፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ተሰራጭቶ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ኩበርኔቲስ በተባለው ሥርዓት ላይ እንዲህ ያለ ቋት እንዴት እንደሚዋቀር እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ወደ 43ቱ ሰከንድ እንመለሳለን።

የመርከቡ መሪ

በኮምፒዩተር ዓለም ኮንቴይነር ማለት አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ሁሉ ጋር በአንድነት አሽጎ በተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለ ችግር እንዲሠራ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ስሙም የተወሰደው በመርከብና በከባድ መኪና ከሚጫነው የብረት ሣጥን ነው። ኮንቴይነሮቹ በመቶዎች ሲቆጠሩ ግን የትኛው በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ ይሥራ፣ አንዱ ሲወድቅስ ምን ይተካው የሚለውን ሰው ተከታትሎ አይዘልቀውም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ኩበርኔቲስ ይህን ሥራ የሚያከናውን ሶፍትዌር ሲሆን፣ ቃሉ በግሪክኛ የመርከብ መሪ ማለት ነው። የምንፈልገውን በጽሑፍ እናስታውቀዋለን፤ ለምሳሌ ያህል «ከዚህ ፕሮግራም ምን ጊዜም ሦስት ቅጂ ይኑር» እንለዋለን። እርሱም ያለውን ሁኔታ ከተፈለገው ጋር ዘወትር እያነጻጸረ የጎደለውን ይሞላል።

ይህ አሠራር የማስታወስ ግዴታ ለሌለበት ፕሮግራም እጅግ ምቹ ነው። ድረ ገጽ የሚያሳይ ኮንቴይነር ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል፤ ልዩነቱን የሚያስተውል አይኖርም። የመረጃ ቋት ሥራው ግን ማስታወስ ነው። በወደቀው ቦታ ምንም የማያስታውስ አዲስ ቅጂ ቢቆም ጥቅም የለውም።

ስም፣ ዲስክና አድራሻ

ባለሙያዎች ይህን ልዩነት በእንስሳት ይመስሉታል። ተራው ኮንቴይነር በቁጥር እንደሚታወቅ የመንጋ ከብት፣ የመረጃ ቋት ደግሞ ስም እንደወጣለት የቤት እንስሳ ነው ይላሉ። በሬውን በስም ለሚጠራው የአገራችን ገበሬ ምሳሌው ብዙም ላይጥመው ይችላል። ያም ሆነ ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚሁ የተዘጋጀው የኩበርኔቲስ ክፍል በመጀመሪያ «ፔትሴት» ተባለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ስሙ ወደ «ስቴትፉልሴት» ተለወጠ።

ኮክሮችዲቢ የተባለውን የመረጃ ቋት በምሳሌነት እንውሰድ። ስሙ ከበረሮ የተወሰደው በቀላሉ እንደማይሞት ለማመልከት ነው። በስቴትፉልሴት ሦስት ቅጂ ሲጠየቅ ሦስቱ ከዜሮ ጀምሮ ተራ ቁጥር የተጨመረበት ቋሚ ስም ያገኛሉ፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ዲስክ ይመደብለታል። ቁጥር 1 ወድቆ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢነሣ በዚያው ስም ይነሣል፤ ዲስኩ በኔትወርክ የሚደረስበት እስከሆነ ድረስም የቀድሞው ዲስክ ይያያዝለታል። ከዚህ ጋር «ሄድለስ ሰርቪስ» የሚባለው ክፍል ለእያንዳንዱ ቅጂ የማይለወጥ የኔትወርክ ስም ስለሚሰጥ ቅጂዎቹ እርስ በርስ አይጠፋፉም።

ሌሎች ሁለት መመሪያዎችም መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛው ሁለት ቅጂ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። ያለ እርሱ ሦስቱም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተሰብስበው በአንድ የኃይል መቋረጥ አብረው ሊወድቁ ይችላሉ። ሁለተኛው በጥገና ጊዜ ሆን ተብሎ የሚቆመው ቅጂ ከአንድ እንዳይበልጥ ይገድባል። በመጨረሻም ሦስቱን አንድ ማኅበር የሚያደርጋቸው የማስጀመሪያ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል።

ለምን ሦስት?

የአንድ እድር መዝገብ በሦስት ጸሐፊዎች እጅ ይገኛል እንበል። ደንቡም «ማንኛውም ክፍያ ቢያንስ በሁለቱ መዝገብ ካልሰፈረ ተፈጸመ አይባልም» ይላል። አንዱ ጸሐፊ ቢታመም ሥራው አይቆምም። ከሦስቱ ማናቸውም ሁለቱ ቢገናኙ ደግሞ ቢያንስ አንዳቸው የመጨረሻውን ክፍያ የጻፈ መሆኑ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስት ሰዎች መካከል የሚወጡ ማናቸውም ሁለት ጥንዶች አንድ የጋራ አባል አያጡም። ይህች ቀላል የስብስብ ሒሳብ የጠቅላላው ሥርዓት መሠረት ናት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን ኦስተርሃውት ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ራፍት የተባለው ስልተ ቀመር በዚሁ መርሕ ይሠራል። ቅጂዎቹ በድምፅ ብልጫ መሪ ይመርጣሉ፤ መሪው የተቀበለውን ጽሑፍ አብላጫዎቹ እስኪይዙት ድረስ «ተመዝግቧል» አይልም፤ ከአብላጫው መዝገብ ወደ ኋላ የቀረ ቅጂም መሪ ሆኖ ሊመረጥ አይችልም። ኮክሮችዲቢም ሆነ ኩበርኔቲስ የራሱን ሁኔታ የሚመዘግብበት ኢቲሲዲ ራፍትን ይጠቀማሉ።

ታዲያ አራት ቅጂ አይሻልም? ለ3 ቅጂ አብላጫው 2 ስለሆነ የ1 ቅጂ መውደቅ ይቻላል። ለ4 ቅጂ አብላጫው 3 ነው፤ መውደቅ የሚችለው አሁንም 1 ብቻ ነው። ለ5 ቅጂ አብላጫው 3 ሲሆን 2 ቢወድቁ ሥራው ይቀጥላል። ስለዚህ ከ3 ወደ 4 ማሳደግ ወጪ እንጂ ጽናት አይጨምርም።

ወደ 43ቱ ሰከንድ

ጊትሃብ በወቅቱ የተጠቀመው ማይኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት ሲሆን፣ መሪ የሚሰይምለት ኦርኬስትሬተር የሚባል፣ ራፍትን የሚጠቀም ሌላ ሶፍትዌር ነበር። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ከዋናው ማዕከል ውጭ የነበሩት የኦርኬስትሬተር ክፍሎች አብላጫ ሆነው መሪነቱን ወደ ምዕራቡ ጠረፍ አዛወሩ። ምርጫው በደንቡ መሠረት የተካሄደ ነበር። ይሁንና ድምፅ የተሰጠው በመሪው ላይ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ተቀባይነት እንዲያገኝ በምዕራቡም መዝገብ መስፈሩ አይጠበቅም ነበር። ስለሆነም በምሥራቅ ተጽፈው ምዕራብ ያልደረሱ ጽሑፎች ቀሩ፤ ሥራ ከሚበዛባቸው ክላስተሮች በአንዱ 954 ነበሩ። ምዕራቡም በበኩሉ አዳዲስ ጽሑፎችን ተቀበለ። ሁለቱ መዝገቦች ተለያዩ። መሐንዲሶቹ ከፍጥነት ይልቅ የመረጃውን ትክክለኛነት መርጠው ከመጠባበቂያ ቅጂ ወደ መመለስ ገቡ፤ ብዙውን ሰዓት የበላውም ይህ ነው።

እንግዲህ አብላጫው መሪውን መሰየሙ ብቻ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ጽሑፍም መመስከር አለበት። ይህም ያለ ዋጋ አይገኝም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከሌላ ቅጂ መልስ ስለሚጠብቅ ቅጂዎቹ በተራራቁ ቁጥር ሥራው ይዘገያል። በተጨማሪም የሦስት ቅጂ መኖር መጠባበቂያን አይተካም፤ በስሕተት የተሰጠ «ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ በሦስቱም ላይ በታማኝነት ይፈጸማልና።

ውድ አንባብያን፣ ይህን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሚኒኩብ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር መሞከር ይቻላል፤ ለሙከራው ብቻ ቅጂዎቹ እንዲራራቁ የሚያዘውን መመሪያ እናላላለን። ሦስት ቅጂ አቁመን አንድ መዝገብ እንጻፍ። አንዱን ቅጂ ብናጠፋ ሥራው ይቀጥላል። ቁጥሩን ወደ 1 ዝቅ ብናደርግ ግን ብቻውን የቀረው ቅጂ ከማንበብም ከመጻፍም ይቆጠባል፤ ሌሎቹ ምን እንደጻፉ ማረጋገጥ አይችልምና። ቁጥሩን መልሰን 3 ስናደርገው ቅጂዎቹ በቀድሞ ስማቸው፣ ከቀድሞ ዲስካቸው ጋር ይመለሳሉ። የጻፍነውም መዝገብ በቦታው ይገኛል።