ጢስ የሌለው ጠላት፦ በከሰልና በጋዝ ስንሞቅ ልናደርገው የሚገባ ጥንቃቄ

(የቤተሰብ ዓምድ)

የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በደጋው አገር እንዴት ያለ እንደ ሆነ፣ በዚያ የሰፈረ ወታደርና ቤተሰቡ ያውቁታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ብርዱም በቆርቆሮው ጣሪያ ዘልቆ አጥንት ይሰብራል። በዚህ ጊዜ እናት ልጆቿን ለማሞቅ የከሰል ማንደጃውን ከደጅ ወደ ቤት ታስገባለች፤ በሩን ትቀረቅራለች፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ትወትፋለች። ያደረገችው ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ብርዱ እንዳይገባ በዘጋችው በር፣ ከብርዱ እጅግ የከፋ ጠላት እንዳይወጣ አድርጋለች።

ጠላትን ማወቅ

ከሰልም ይሁን እንጨት፣ ላምባም ይሁን የሲሊንደር ጋዝ፣ በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ከሁሉም ይልቅ ከሰል በዚህ የከፋ ነው። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። ሰው ሲተነፍሰው ወደ ደም ይገባና ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆነውን ሔሞግሎቢን፣ ኦክሲጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ስንቅ ጫኝ መኪና ጠላት በአፈር ሞልቶት ወደ ግንባር ቢደርስ ምን ይጠቅማል? ደሙ ይዘዋወራል፤ ልብና አንጎል የሚጠብቁት ኦክሲጅን ግን በውስጡ የለም።

በደጋ አገር አየሩ ስስ፣ የምንስበውም ኦክሲጅን አነስተኛ በመሆኑ ጉዳቱ ይበረታል። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ፣ ነፍሰ ጡር እናትም በማኅፀኗ ያለው ፅንስ ከእርሷ ይልቅ የሚጎዳ ስለ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቁ ይገባል። አራስ ቤትን ማሞቅ የቆየ ልማድ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። ይሁን እንጂ አራሷና ጨቅላው በተዘጋ ክፍል ከማንደጃ ጋር ሊያድሩ አይገባም።

ሦስት የተሳሳቱ እምነቶች

አንደኛው፣ «ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ከቀላ በኋላ አይጎዳም» የሚለው ነው። ደጅ ማቀጣጠል ጢሱን ይቀንሳል፤ ፍም ግን ጢስ ባይታይበትም መርዙን ማውጣቱን አይተውም። አመድ የለበሰ ረመጥም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው፣ «ከማንደጃው አጠገብ ውሃ ካኖሩ ጋዙን ይስበዋል» የሚለው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ በሳሕን የተቀመጠ ውሃ አያስቀረውም።

ሦስተኛው፣ «ሲበዛብኝ እነቃለሁ» የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚያልፈው በዚህ እምነት ነው። ጋዙ የተኛውን አይቀሰቅሰውም፤ እንቅልፉን ያከብድበታል እንጂ። የነቃውም ቢሆን ጉልበቱ ስለሚከዳው በሩ ድረስ ለመድረስ ይሳነዋል።

ቤትን ስለ ማሞቅ

ታዲያ ልጆቻችን በብርድ ይደሩ ወይ? አይደለም። ምሽት ላይ ቤተሰቡ ነቅቶ ሳለ፣ በርና መስኮት ገርበብ ብሎ ቤቱ ይሙቅ። ከመኝታ በፊት ግን ማንደጃው ከነፍሙና ከነአመዱ ደጅ ይውጣ፤ ቤቱም ጥቂት ይናፈስ። ለመኝታ የሚሆነው ሙቀት በሌላ መንገድ ይገኛል፦ ሙቅ ውሃ በጥሩ ሁኔታ በሚዘጋ ዕቃ አድርጎ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር በኩል ማኖር፤ ከፍራሹ ሥር ደረቅ ጭድ ወይም ሰሌን መደረብ፤ ልጆችን ካልሲና ቆብ ማልበስ፤ ጋቢውንም አጥፎ መደረብ።

ከጣሪያው ሥርና ከወለሉ አጠገብ፣ ትይዩ በሆኑ ግድግዳዎች ላይ ሊዘጉ የማይገባቸው የአየር መተላለፊያዎች ይኑሩ። ሆኖም መተላለፊያ አለ ብሎ ከከሰል ጋር መተኛት አይፈቀድም።

የብረት ምድጃ ከነጢስ ማውጫው ያለው ቤተሰብ፣ ቧንቧው ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ማለቁን ያረጋግጥ። በኮርኒስና በጣሪያ መካከል የሚያበቃ ቧንቧ መርዙን መልሶ ወደ ቤት ይለቀዋል። መጋጠሚያው የላላ፣ የዛገ ወይም የተቀደደ ቧንቧ ይለወጥ፤ ጥቀርሻና የወፍ ጎጆ እንዳይዘጋው በየጊዜው ይጠረግ፤ ጫፉም ዝናብ የማያስገባ ጢስ ግን የሚያስወጣ ክዳን ይኑረው። ቧንቧው የሚግል ስለ ሆነ ከእንጨትና ከሣር ክዳን ይራቅ።

ስለ ሲሊንደር ጋዝ

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ በዝቅተኛ ስፍራም ይጠራቀማል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከአልጋ ሥር፣ ከጉድጓድና ከእሳት አጠገብ አይቀመጥ። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ፍሳሽ መኖሩን ለመመርመር የሳሙና አረፋ በመጋጠሚያው ላይ መቀባት ይበቃል፤ አረፋው ከተነፋ ጋዙ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ግን ቤትን በራስ እጅ ማቃጠል ነው። ጋዙ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ሽታ ከተሰማ ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ መብራት ሳያበሩም ሳያጠፉም ልጆችን ይዞ መውጣት ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ ከመሆን ይልቅ ቢጫ ከሆነና ድስቱን ካጠቆረ በሚገባ አይነድም፤ ይጠገን።

አደጋው ሲደርስ

መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል። ብዙዎች «ብርድ መታኝ» ብለው በሩን ይበልጥ ዘግተው ይተኛሉ። ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ከታመመና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ መንሥኤው ጉንፋን አይደለም።

ወድቆ ያገኙትን ሰው ለማዳን የሚገባ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ይክፈት፤ ትንፋሹን ይዞ ገብቶ ወዲያው ያውጣው። እርሱም በዚያ ከቆየ ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል። ተጎጂው ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛ፤ ካልተነፈሰ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ ይሰጠው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ ማጠጣት ያንቀዋል እንጂ አያድነውም። ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ «ከሰል ይነድ ነበር» ተብሎም ይነገር። በንጹሕ አየር ብቻ የመርዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ኦክሲጅን ግን ይህ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። የነቃ ሰው እንኳ ሳይመረመር ወደ መኝታው አይመለስ።

የጥበቃው ተረኛ

በእንግሊዝ አገር የከሰል ድንጋይ ማዕድን ሠራተኞች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ በጎጆዋ ይዘው ወደ ጉድጓዱ ይወርዱ ነበር። ጋዙ ከሰው አስቀድሞ እርሷን ስለሚጥላት ለእነርሱ ማስጠንቀቂያ ትሆናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንድትተካ ተወሰነ። ዛሬ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያም አለ፤ ያገኘ ይትከለው። ያላገኘው ግን ዘቡ ራሱ ነው።

ወታደር በጥበቃ ማማ ውስጥም ሆነ በድንኳን ከማንደጃ ጋር እንዳይተኛ ይጠንቀቅ፤ ሥርዓቱ ለእርሱም ያው ነው። ወደ ግዳጅ ከመሄዱ በፊት ደግሞ መሣሪያውን እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ የቤቱን ጎማ፣ የጢስ ማውጫና መስኮት ይፈትሽ። ባለቤቱም ማታ ማታ በሩን ከመቀርቀሯ በፊት ማንደጃው ደጅ መውጣቱን ትመልከት። በሩቅ ምሽግ የሚያድር ሰው ቤተሰቡን በሌሊት ሊጠብቅ አይችልም፤ በቀን ያስተካከለው ቧንቧና እርሷ ያወጣችው ፍም ግን ይጠብቁለታል።