የቆየው የመረጃ ቋት ሲታደስ የአርሶ አደሩ ሰነድ የት ይገባል?

የመስኖ ቦይ በማሳው ያለፈበት አርሶ አደር የካሳ ጉዳዩን ለማጣራት ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ የሚሻው፣ ማሳው የተለካበት ሰነድ፣ የፈረመበት ቃለ ጉባኤና በወቅቱ የተነሳው ፎቶግራፍ እንዲታይለት ነው። ስሙ በኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። ሰነዱ ሊከፈት ሲሞከር ግን ፋይሉ እንዳልተገኘ የሚገልጽ መልእክት ብቅ ይላል። ሰነዱ አልተቃጠለም፤ አልተሰረቀምም። ምናልባት እዚያው ግቢ ውስጥ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በአንድ ባለሙያ ፍላሽ ላይ ይኖራል። መዝገቡና ፋይሉ ግን ተለያይተዋል።

እንዲህ ያለው ችግር የሚያጋጥመው በአብዛኛው የቆየ የመረጃ ቋት በአዲስ ሲተካ ወይም ኮምፒውተር ሲቀየር ነው። ማይክሮሶፍት አክሰስ የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ በ1992 ነው። ለብቻው ሰርቨር ስለማይፈልግና አንድ ባለሙያ ብቻውን ሊያዘጋጀው ስለሚችል ለአነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ይመቻል። ችግሩ ያዘጋጀው ባለሙያ ተዛውሮ ሲሄድ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው አብሮት መሄዱ ነው።

የአክሰስ አንድ ፋይል ሊይዝ የሚችለው ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 500 ያህል ፎቶዎች ብቻ ቋቱን ይሞሉታል ማለት ነው። በድሮዎቹ ስሪቶች ደግሞ ፎቶው በቋቱ ውስጥ ሲቀመጥ ከራሱ መጠን እጅግ የሚበልጥ ቦታ ይይዝ ነበር። በመሆኑም የግድብ ንድፍ፣ የውል ሰነድና ፎቶግራፍ ከቋቱ ውጭ በፎልደር ተቀምጦ፣ በቋቱ ውስጥ አድራሻው ብቻ ቢመዘገብ ይሻላል። አድራሻው ግን የአንድን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሚጠቅስ ከሆነ ያ ኮምፒውተር በተበላሸ ዕለት አገልግሎቱ ያበቃል። ዋናው ፎልደር የሚገኝበት ቦታ በቋቱ ውስጥ አንድ ስፍራ ላይ ብቻ ተጽፎ፣ ለእያንዳንዱ ሰነድ ደግሞ ከዚያ በታች ያለው አድራሻ ብቻ ቢመዘገብ፣ ፎልደሩ ሲዛወር የሚስተካከለው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።

ወደ አዲስ ስሪት መሸጋገሩም የራሱ ጣጣ አለው። በአክሰስ 97 የተሠራ ቋት በ2013 ስሪትና ከዚያ ወዲህ በመጡት አይከፈትም፤ አስቀድሞ እንደ 2010 ባለ መካከለኛ ስሪት መለወጥ አለበት። ከ2007 ጀምሮ የመጣው አዲሱ የፋይል ዓይነት፣ ማን መረጃውን እንደሚያይና ማን እንደሚለውጥ በየተጠቃሚው ይወስን የነበረውን የድሮ አሠራር አይደግፍም። ይህን ያላስተዋለ መሥሪያ ቤት የክፍያ መዝገቡን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ሊያገኘው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የቀን ጉዳይ ነው። አክሰስ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፤ የገባለትን ቀን የሚያነበው እንደ ፈረንጆቹ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2009 ዓ.ም «30/2/2009» ተብሎ ቢጻፍለት፣ የእነርሱ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው አይቀበልም። ሥራ የበዛበት መዝጋቢ ታዲያ 28 ብሎ አስገብቶ ሊያልፈው ይችላል። የጳጉሜን ነገር ደግሞ ይብሳል። ጳጉሜን 5 «5/13/2009» ተብሎ ሲገባ ሶፍትዌሩ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ፣ አንዳች ሳይናገር ቀኑንና ወሩን ያገላብጠዋል። በኋላ ሲታይ «13/5/2009» ሆኖ ይወጣል፤ አንባቢውም ጥር 13 ብሎ ያነበዋል። በጳጉሜን የተፈረመ ውል በመዝገቡ ላይ ሰባት ወር ከሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ክፍያ በቀን የሚሰላበት ወይም ይግባኝ በጊዜ ገደብ የታሰረበት ጉዳይ ቢሆን ዳፋው ለባለጉዳዩ ይተርፋል። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ የቁጥር ዓምዶች ቢመዘገቡና የፈረንጆቹ ቀን በሌላ ዓምድ ቢሰላ ስሕተቱ ይቀራል። ቀደም ሲል የገባው ግን ከወረቀት ሰነዱ ጋር አንድ በአንድ ከመመሳከር በቀር መድኃኒት የለውም።

የፊደል ጉዳይም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ያገለገሉት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የደረቡ ነበሩ። መጻፊያው በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የአርሶ አደሩ ስም የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። የየመጻፊያው አደራረብ ስለሚለያይ ቋቱ በየትኛው እንደተጻፈ ሳይታወቅ መለወጥ አይቻልም። ከተለወጠም በኋላ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ፋይሎች ከባለጉዳዩ ጋር መያያዝ ያለባቸው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከመጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ ቋቱም ፎልደሩም አንድ ላይ ተገልብጠው ከቢሮው ውጭ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ከዚያ በቅጂው ላይ ሽግግሩ ይሞከራል። በቋቱ የተመዘገቡት አድራሻዎች ሁሉ በእርግጥ ፋይል እንዳላቸው፣ በፎልደሩ ያሉት ፋይሎችም መዝገብ እንዳላቸው በሁለቱም ወገን ይቆጠራል። ቁጥሩ ሳይገጥም አሮጌውን መዝጋት አይገባም። የወረቀት ፋይሉም ቢሆን «አሁን ዘምነናል» ተብሎ ከመዝገብ ቤት የሚወጣ አይደለም።

ባለጉዳዩ በበኩሉ ለጽሕፈት ቤት ካስገባው ሰነድ አንድ ቅጂ በእጁ ሊያስቀር፣ የፋይል ቁጥሩንም ጠይቆ ሊጽፍ ይገባል። በውሉ ወይም በቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ቀን በኮምፒውተሩ ከሚታየው ጋር አንድ መሆኑንም እዚያው መስኮቱ ላይ ሳለ ማየት ይችላል። በተለይ የጳጉሜን ከሆነ።