ስለ ኤሌክትሪክ ባጃጅና ስለ ሲቀላና ሴቻ መንገድ

አርባ ምንጭ በሁለት ሰፈር የተከፈለች ከተማ መሆንዋን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ሲቀላ በታች፥ ሴቻ በላይ ተቀምጠው፥ በመካከላቸው ባለው የጥቂት ኪሎ ሜትር አቀበት ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ በባጃጅ ይመላለሳል። ገበያተኛውም፥ ተማሪውም፥ ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽተኛም የሚሳፈረው በዚሁ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ ቤንዚን በታጣ ጊዜ የሚጐዳው ባለ ባጃጁ ብቻ ሳይሆን የከተማው ንግድ በሙሉ ነው።

ቤንዚንና ናፍጣን አገራችን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። የኤሌክትሪኩ ኃይል ግን ከሞላ ጐደል ከገዛ ወንዞቻችን የሚገኝ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ የቆመው በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ነው፤ ከእኛም እምብዛም አይርቅም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ አቅም ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላቸውን ከድንጋይ ከሰል በሚያወጡ አገሮች ተሽከርካሪውን መለወጥ ጭሱን ከመንገድ ወደ ማመንጫው እንደ ማዛወር የሚቈጠርበት ጊዜ አለ። በእኛ ዘንድ ግን የሚቀረው ጭስ በእውነት የሚቀር ነው።

መጠኑንም በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንድ ባጃጅ በቀን 4 ሊትር ቢጠጣና በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 1,200 ሊትር ያቃጥላል፤ ይህም 2,760 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። የቤንዚኑን ዋጋ ባለ ባጃጁ ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ኤሌክትሪክ የሴቻን አቀበት አይችልም» ሲሉ እንሰማለን። ነገር ግን ከነተሳፋሪዎቹ 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባጃጅ ወደ ላይ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ የሚያስፈልገው፥ በመንገድ የሚባክነው ሳይቈጠር፥ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት የማይሞላ ኃይል ነው። ቍልቍለት ሲወርድም እንዲህ ያለ ሥርዓት የተገጠመለት ሞተር ራሱ ኃይል አመንጪ ሆኖ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም ያርፋል።

እውነተኛው ችግር ባትሪው ነው። በርሳስ የሚሠራው ባትሪ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ከባድ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው፤ የቈላው ሙቀት ደግሞ ይባስ ያሳጥረዋል። የሊቲየሙ ባትሪ ቀላል ነው፤ ብዙ ዘመንም ያገለግላል፤ ዋጋው ግን ባለ አንድ ባጃጁን ያስደነግጣል። ከዚህም ሌላ ባትሪው እስኪሞላ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ባጃጁን በቀን ሒሳብ ተከራይቶ የሚነዳ ወጣት ተሽከርካሪው ቆሞ ቢውል ለባለቤቱ የሚያስገባውን ከየት ያመጣዋል? በዚህ ምክንያት ባትሪው ከባጃጁ ተለይቶ የሚሸጥበት አሠራር ለከተማችን የሚስማማ ይመስለናል። አንድ ነጋዴ ወይም ማኅበር የተሞሉ ባትሪዎችን በሲቀላና በሴቻ አስቀምጦ፥ ነጂው ያለቀበትን ሰጥቶ የተሞላውን ይወስዳል፤ የሚከፍለውም ለተጠቀመበት ኃይል ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሥራ በህንድና በኬንያ ከተሞች ተጀምሯል። ባንኮችም ለመቶ ነጂዎች በየግላቸው ከማበደር ይልቅ ለአንድ ጣቢያ ማበደሩ ሳይቀላቸው አይቀርም።

የመንግሥትም ፖሊሲ ወደዚሁ ያዘነበለ ነው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነዋል፤ ፈጽሞ ተበታትነው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጥ እንዳይከፈልባቸው፥ ተገጣጥመው ለሚገቡት ግን 15 በመቶ እንዲከፈል ያን ጊዜ ተወስኖ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል።

የጨንቻ መንገድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፥ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ከ11 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ይህ ለትልቅ ባትሪ የሚከብድ አይደለም፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ኃይል ቢያልቅ የሚረዳ ጣቢያና ጠጋኝ ሳይኖር ተሳፋሪን በዚያ ዳገት ላይ ማሰለፍ ተገቢ ስላይደለ፥ ሥራው በከተማው ቢጀመር እንመርጣለን።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስቡ ነጋዴዎች አስቀድመው የሰፈሩን ትራንስፎርመር አቅም ከመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። እያንዳንዳቸው 1 ኪሎዋት የሚስቡ 50 ባትሪዎች ምሽት ላይ ባንድነት ቢሰኩ 50 ኪሎዋት ይሆናል፤ ይህም እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የጎረቤቱን መብራት ሊያጠፋ ይችላል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ግን መስመሩ ሰፊ ነው። ያረጀውንም የርሳስ ባትሪ የሚረከበው ማን እንደ ሆነ በሽያጩ ውል ላይ ይጻፍ፤ አሲዱና ርሳሱ ወደ ኩልፎ ወንዝ ከወረዱ በኋላ የሚሰበስባቸው የለምና።