ዝም ያለ ደንበኛ ስንት ያስከፍላል?

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው፡፡ ምክሩ ለጎረቤት ፀብና ለዘመድ ክርክር ይበጅ ይሆናል፡፡ በገበያ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፡፡ ገዢው ዝም ባለ ቁጥር፣ በመጋዘን ካለው ዕቃ አስቀድሞ የሚነቅዘው ሻጩ ስለ ዕቃው የያዘው መረጃ ነው፡፡ ሻጩ ይህን የሚረዳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሽያጩ ከወደቀ በኋላ ነው፡፡

የዝምታን ዋጋ አጉልቶ የሚያሳይ አንድ ገበያ አለ፡፡ ከጤፍም፣ ከቡናም፣ ከሲሚንቶም የራቀ፣ በኢንተርኔት የሚገናኙ የሹራብና የዳንቴል ሠሪዎች ገበያ ነው፡፡ ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል፡፡ ይሁንና የክር ፋብሪካዎች፣ ቸርቻሪዎችና ንድፍ አውጪዎች የሚተዳደሩበት ንግድ ነው፡፡ በዚህ ገበያ ውስጥ ባለፉት ዓመታት ተደጋግሞ የሚሰማው ስሞታ፣ ሥራውን አይቶ የሚያልፍ ሞልቶ ሳለ አስተያየት የሚሰጥ ሰው እየጠፋ መምጣቱ ነው፡፡ ለመሆኑ ሰው ለምን ዝም ይላል? ዝምታውስ ሻጩን ምን ያስከፍለዋል?

ያለ ኮሚሽን የሚሠራ ደላላ

የዚህ ገበያ ዋነኛ መገናኛ ራቨልሪ የተባለው ድረ ገጽ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 ጄሲካ ፎርብስና ካሲዲ ፎርብስ የተባሉ ባለትዳሮች በአሜሪካ የመሠረቱት ሲሆን፣ በ2020 የተመዘገቡት አባላት ቁጥር ከ9 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር፡፡ ድርጅቱ በጥቂት ሠራተኞች የሚንቀሳቀስ ሆኖ፣ ገቢው በዋናነት ከክር ነጋዴዎችና ከንድፍ አውጪዎች ማስታወቂያ፣ እንዲሁም ከሚሸጡ ንድፎች ላይ ከሚቆረጥ አነስተኛ ክፍያ ይገኛል፡፡

ንድፍ የሚባለው፣ ሹራቡ ወይም ሻሉ ከየት እንደሚጀመር፣ የት ላይ እንደሚሰፋና የት ላይ እንደሚጠብ በመስመር በመስመር የሚያስረዳ መመሪያ ነው፡፡ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ገዢውም ከከፈለ በኋላ በኮምፒዩተሩ ወይም በስልኩ ይረከበዋል፡፡

ጤፍ የሚገዛ ሰው ጆንያውን ከፍቶ፣ እፍኝ ዘግኖ፣ አይቶና ዳስሶ ይከፍላል፡፡ ንድፍ የሚገዛ ሰው ይህ ዕድል የለውም፡፡ መመሪያው ስህተት እንዳለበት የሚያውቀው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ክሩን ገዝቶና ብዙ ሰዓት አጥፍቶ እጅጌው ላይ ሲደርስ ነው፡፡ ይህን ክፍተት የሚሞላለት ያንኑ ንድፍ ቀድሞ የሠራ ሌላ ሰው የሚተወው ማስታወሻ ነው፡፡ ምን ዓይነት ክር እንደተጠቀመ፣ ምን ያህል እንደፈጀበት፣ ልኩ ጠቦት ወይም ሰፍቶት እንደሆነ፣ የትኛው ገጽ ላይ ያለው ቁጥር እንደተሳሳተ ጽፎና ፎቶግራፍ አያይዞ ያስቀምጣል፡፡ ጥሩና መጥፎውን ዕቃ ለይቶ የሚያውቅ ደላላ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል ማለት ነው፡፡ ልዩነቱ ኮሚሽን አለመጠየቁ ነው፡፡

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ይህ መረጃ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል አሳይቷል፡፡ ምሳሌው ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ነበር፡፡ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው የማያውቅ ከሆነ፣ ገዢው ለደህናውም ለብልሹውም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፡፡ በዚያ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው «አያዋጣኝም» ብሎ ይወጣል፡፡ ገበያው ውስጥ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል፡፡ አከርሎፍ በዚህ መስክ ለሠራው ሥራ በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋርቷል፡፡ የንድፍ ገበያን ከዚህ ዓይነት ውድቀት ጠብቀው ካቆዩት ነገሮች ዋነኛው በነፃ የሚሰጠው አስተያየት ነው፡፡

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው

ችግሩ የሚጀምረው «በነፃ» ከሚለው ቃል ላይ ነው፡፡ ሹራቡን የጨረሰ ሰው ፎቶግራፍ አንስቶ፣ ልኩን መዝግቦ፣ ስህተቱን ለይቶ ለመጻፍ ጊዜ ያጠፋል፡፡ ጥቅሙ ግን የእሱ ሳይሆን የሚቀጥለው ገዢ ነው፡፡ እሱማ ሹራቡን ለብሷል፡፡

ማንኩር ኦልሰን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የጋራ ጥቅም ያለው ቡድን እየሰፋ በሄደ ቁጥር እያንዳንዱ አባል ድርሻውን ለማዋጣት ያለው ፍላጎት እንደሚቀንስ አስረድቷል፡፡ በ30 ሰው ዕቁብ ውስጥ አንድ ሰው ቢቀር ወዲያው ይታወቃል፤ «ምነው ጠፋህ?» ይባላል፡፡ በ9 ሚሊዮን ሰው መካከል ግን የአንዱን ዝምታ የሚያስተውል የለም፡፡ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳውም አንድ አንድ ሲይዙ ነው፡፡ ሁሉም «ሌላው ይይዘዋል» ካለ ሸክሙ ተመልሶ የጥቂቶች ይሆናል፡፡

ጥቂቶቹ ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ ደግሞ ያኮብ ኒልሰን የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 በቀላል ቀመር ገልጾታል፡፡ በኢንተርኔት ከሚሰባሰቡ 100 ሰዎች መካከል በግምት 90ዎቹ አንብበው ብቻ ያልፋሉ፤ 9ኙ አልፎ አልፎ ይሳተፋሉ፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው 1 ሰው ነው፡፡

ይህ ስሌት ለባለሀብት ትልቅ ትርጉም አለው፡፡ 1,000 አባላት ያሉት አንድ ማኅበረሰብ ቢኖርና አብዛኛውን ማስታወሻ የሚጽፉት 10 ሰዎች ቢሆኑ፣ ከእነሱ 5ቱ ሲሄዱ የአባላቱ ቁጥር የሚቀንሰው በ0.5 በመቶ ብቻ ነው፡፡ በሪፖርት ላይ ምንም የተነካ ነገር አይታይም፡፡ የመረጃው አቅርቦት ግን ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፡፡ ስለዚህ የተመዘገበ አባል ቁጥር እያዩ ድርጅትን መገመት፣ በር ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ገዢ ነው ብሎ እንደ መቁጠር ነው፡፡

ይሉኝታና ፍርሃት

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ጠባይ ነው፡፡ ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ድርጅት በ1995 ተቋቁሞ ብዙም ሳይቆይ ገዢና ሻጭ እርስ በርስ ነጥብ የሚሰጣጡበት ዘዴ ዘረጋ፡፡ ተመራማሪዎች በ1999 የተደረጉ ግብይቶችን ሲመረምሩ አስተያየት የሰጡት ገዢዎች ከግማሽ ጥቂት ከፍ የሚሉ ብቻ ሆነው ተገኙ፡፡ ከተሰጠው አስተያየት ውስጥ ደግሞ ከ100 አንድ የሚሞላ እንኳን አሉታዊ አልነበረም፡፡ ሁሉም ዕቃ እንከን የለሽ ስለነበረ ነው እንዳይባል፣ ገዢው መጥፎ ነጥብ ቢሰጥ ሻጩም አጸፋውን እንደሚመልስበት ይፈራ ነበር፡፡ ድርጅቱ በ2008 ሻጮች ለገዢዎች አሉታዊ ነጥብ እንዳይሰጡ የከለከለው ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ነው፡፡

በእጅ ሥራ ገበያ ላይ በፍርሃቱ ምትክ ያለው ይሉኝታ ነው፡፡ በገዛ እጁ ለወራት የደከመበትን ሥራ ያሳየን ሰው «ትከሻው ላይ ተበላሽቷል» ማለት ይከብዳል፡፡ ስለዚህ የሚነገረው ምስጋና ብቻ ይሆናል፡፡ ምስጋና ብቻ የሚነገርበት ገበያ ደግሞ ሁሉም ዕቃ አንድ ዋጋ እንደተለጠፈበት ሱቅ ነው፤ ገዢው የሚመርጥበት ምልክት ያጣል፡፡

በ2010 ኢንስታግራም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ፡፡ ብዙ የእጅ ባለሙያዎች ሥራቸውን ወደዚያ ወሰዱ፡፡ በዚያ መንደር አድናቆት በአንድ ጣት ንክኪ ይገለጻል፡፡ ልብ የምትመስለዋ ምልክት ሰው እንዳየ ትናገራለች እንጂ ክሩ እንደበቃ ወይም እንዳልበቃ አትናገርም፡፡ ርካሹ አስተያየት ውዱን ከገበያ ማስወጣቱ፣ ብልሹው ገንዘብ ደህናውን ከገበያ ያስወጣል ከሚለው የቆየ የኢኮኖሚ ብሂል ጋር ይመሳሰላል፡፡

አቤት ማለትና ጥሎ መሄድ

ሦስተኛው ምክንያት ከአስተዳደር ጋር የተያያዘ ነው፡፡ አልበርት ሂርሽማን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ሁለት መንገድ እንዳለው ጽፏል፡፡ አንዱ አቤት ማለት ነው፤ ሌላው ጥሎ መሄድ፡፡ ሐሳቡ የመጣለት በአፍሪካ ምድር፣ የናይጄሪያን የባቡር አገልግሎት ሲያጠና ነበር፡፡ ባቡሩ ኦቾሎኒን ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ወደ ወደብ ለማጓጓዝ የተመቸ ቢሆንም፣ በጭነት መኪናዎች እየተበለጠ አገልግሎቱ እየባሰበት ሄደ፡፡ ሂርሽማን እንዳስተዋለው፣ የባቡሩን ጉድለት አጥብቀው ሊናገሩ የሚችሉት ትልልቅ ደንበኞች ጭነታቸውን ወደ መኪና በማዞር ዝም ብለው ሄዱ፡፡ አስተዳደሩ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ ስለነበረ የገቢው መቀነስ አላስደነገጠውም፤ የሚጮህበትም ሰው አልቀረም፡፡

ራቨልሪም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞታል፡፡ በሰኔ 2019 (እ.ኤ.አ.) የወቅቱን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕን የሚደግፉ ጽሑፎችን በማገዱ ውሳኔውን ያወደሱ እንዳሉ ሁሉ ተቃውመው የወጡም ነበሩ፡፡ በ2020 ደግሞ የድረ ገጹን መልክ ሲቀይር፣ አዲሱ ገጽታ ራስ ምታትና የሚጥል በሽታ ይቀሰቅስብናል ያሉ አባላት አቤቱታ አሰሙ፡፡ ከእነዚህ መካከል በቂ መልስ አላገኘንም ብለው አካውንታቸውን የዘጉ ነበሩ፡፡ ማስታወሻ በመጻፍ የታወቀ አባል ሲሄድ የሚያጎድለው የአንድ ሰውን ድርሻ ብቻ አይደለም፡፡

አቤቱታው ያለ ውጤት ሲቀር ምን እንደሚመስል ኤትሲም ያሳያል፡፡ በ2005 የተመሠረተው ይህ የእጅ ሥራ መሸጫ ድርጅት አክሲዮኑን በ2015 ለሕዝብ አቀረበ፡፡ በኮቪድ ወቅት፣ በ2020፣ በገጹ ላይ የተካሄደው ሽያጭ ከእጥፍ በላይ አድጎ 10.3 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፡፡ በሚያዝያ 2022 (እ.ኤ.አ.) ግን ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚቆርጠውን ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድግ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮች ሱቃቸውን ለአንድ ሳምንት ዘግተው ለማደም ተነሡ፡፡ ጭማሪው ግን አልተነሣም፡፡ አንድ ጊዜ አቤት ብሎ ያልተሰማ ሰው በሁለተኛው ጊዜ ድምፁን ሳያሰማ እንደሚሄድ የሂርሽማን ትንታኔ ያስገምታል፡፡

ባዶውን ቦታ ማን ያዘው?

አስተያየት ሰጪው ሲጠፋ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም፡፡ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ የዳንቴል አሻንጉሊትና የሹራብ ምስሎች ከንድፍ ጋር ለሽያጭ እየቀረቡ ነው፡፡ ምስሉ ያማረ ሆኖ መመሪያው ግን ተሠርቶ የማያልቅ፣ ወይም ከምስሉ ጋር ጭራሽ የማይገናኝ የሆነበት አጋጣሚ ብዙ ነው፡፡ ያንን ንድፍ ሠርቶ «አይሆንም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሌለ፣ ሐቀኛው ንድፍ አውጪና አጭበርባሪው በገዢው ዓይን እኩል ይሆናሉ፡፡ የአከርሎፍ ብልሹ መኪና ተመልሶ መጣ ማለት ነው፡፡

ማኅበረሰቡ ንቁ ሲሆን ግን ይህን መለየት እንደማይሳነው በ2018 ታይቷል፡፡ ጃኔል ሼን የተባለችው ተመራማሪ ኮምፒዩተር የሹራብ ንድፍ እንዲጽፍ ስታስተምር፣ የራቨልሪ አባላት በፈቃደኝነት ንድፎቹን በእጃቸው ሠርተው ፈተሹ፡፡ የተዘበራረቀውን መመሪያ እያረሙ፣ ምን እንደወጣው በፎቶግራፍ እያሳዩ አቀረቡ፡፡ ገንዘብ ሊገዛው የሚቸግር ፍተሻ በነፃ ተገኘ፡፡

የተሰበሰበ መረጃም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፡፡ ከ2001 ጀምሮ የብዙ የእጅ ሥራ ቡድኖች መገናኛ የነበረው ያሁ ግሩፕስ በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ጽሑፍ ደግሞ ቀድሞ ከገጹ ተነሥቶ ነበር፡፡ ራሱ ቀድቶ ያላስቀመጠ ሰው የዓመታት ትምህርቱን አጣ፡፡

መፍትሔው ምንድን ነው?

ከገበያው ልምድ ሦስት ነገሮች መቅሰም ይቻላል፡፡

የመጀመሪያው፣ አስተያየትን ከሽያጭ በፊት መፈለግ ነው፡፡ ብዙ ንድፍ አውጪዎች ንድፋቸውን ከመሸጣቸው አስቀድሞ ለተወሰኑ ሠሪዎች በነፃ ሰጥተው ያስፈትሻሉ፡፡ ፈታሾቹ ክሩንና ጉልበቱን ከራሳቸው ያወጣሉ፤ በምላሹ ንድፉን ያገኛሉ፡፡ ይህ ክፍያ ለድካማቸው ይመጥናል ወይ የሚለው በሠሪዎቹ ዘንድ ማከራከሩ አልቀረም፡፡ ክርክሩ ራሱ ግን አስተያየት ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑን ያመለክታል፡፡

ሁለተኛው፣ የመናገሩን ወጪ ማቅለል ነው፡፡ ሰፊ ጽሑፍ ከመጠበቅ ይልቅ ክሩ በቃ ወይስ አልበቃም፣ ልኩ ልክ ነው ወይስ ጠበበ ብሎ አጭርና ቁርጥ ያለ ጥያቄ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል፡፡

ሦስተኛው፣ የተነገረውን መስማትና መሰማቱን ማሳየት ነው፡፡ ስህተቱ ተጠቁሞለት ያረመ፣ ያረመውንም ለሁሉም ያሳወቀ ሻጭ ሌላው ሰው ነገ እንዲናገር ያደፋፍራል፡፡

ነገሩ ሲጠቃለል ከክርና ከዳንቴል ይሰፋል፡፡ በመርካቶም ሆነ በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዋጋ የሚከራከረውንና ዕቃ የሚመልሰውን ደንበኛ እንደ አስቸጋሪ ይቆጥረዋል፡፡ ያ ሰው ግን ገና አልሄደም፤ ሻጩ እንዲሻሻል ተስፋ ስላለው ነው የሚጨቃጨቀው፡፡ ሊታሰብበት የሚገባው፣ ባለፈው ዓመት ሲጨቃጨቅ ቆይቶ ዘንድሮ ድምፁ የጠፋው ደንበኛ ነው፡፡ ነጋዴው መዝገቡን ገልጦ የዚያን ሰው ስም ቢፈልግ፣ ዝምታው ስንት እንዳስከፈለው በቁጥር ያገኘዋል፡፡